ገቢው በማን ዓይን ተቆጠረ? የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎችና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ደጋ ዳሞት ያሉ ሽማግሌዎች «የፀሐዩ ዘመን» ሲሉ የሚያስታውሱት ነው። አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በየዓመቱ ስለ 1960ው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ለተማሪዎቼ የጽሑፍ ፈተና እሰጣለሁ። ከሚመለሱልኝ ወረቀቶች የሚበዙት «የጎጃም ገበሬ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል፤ ግን ስሕተት ነው። ጎጃሜው ከዚያ በፊት ግብር ይከፍል ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከፍሏል። በ1960 እምቢ ያለው አንድ የተለየ ነገርን ነው፤ ገቢው በሌላ ሰው ዓይን ተገምቶ፣ በስሙ ተጽፎ፣ ያ ጽሕፈት እንደ እውነት እንዲቆጠርበት አልፈቀደም። ስለ ግብር መጠን የሚደረግ ክርክርና ስለ መዝገብ እውነትነት የሚደረግ ክርክር አንድ አይደሉም። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 255፣ በኅዳር 1960 ታወጀ። ከመታወጁ በፊት በሕግ መምሪያና በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች ብዙ አከራክሯል፤ የሚከራከሩት እንደራሴዎች አብዛኞቹ ባለመሬቶች ነበሩና ይህ አያስደንቅም። አዋጁ ለዘመናት የኖረውን አሥራት ሽሮ፣ በምትኩ ገበሬው ከእርሻ የሚያገኘውን ገቢ በእርከን ከፋፍሎ የሚቀረጥ ግብር ተከለ። የመሬት ግብር፣ በ1940 የመጣው የትምህርት ግብር፣ በ1951 የተጨመረው የጤና ግብር እንዳሉ ቀጠሉ። በሐሳብ ደረጃ አዋጁ ፍትሐዊ ነበር ማለት ይቻላል። ሀብታሙ ብዙ፣ ድሃው ጥቂት ይክፈል ይላል። ዝቅተኛው እርከን ላይ የሚመደበው ገበሬ የሚጠየቀው ጥቂት ብር ብቻ ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ አሥራትን ከጭሰኛ ሰብስቦ ትርፉን ለራሱ የሚያስቀር ባለመሬት በነበረበት አካባቢ፣ ይህ ሕግ የማሻሻያ ሕግ ነበር። ይህን የምለው ለዘመኑ መንግሥት ጠበቃ ለመቆም አይደለም፤ ነገሩ ለምን ጎጃም ላይ እንደ ተሰናከለ ለመረዳት የሕጉን በጎ ሐሳብ ካልተቀበልን ጥያቄው ራሱ ስለሚጠፋብን ነው።

ታዲያ በጎጃም ከዚያ በፊት ግብር የሚከፈለው እንዴት ነበር? ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብለው በጋሻ ይከፍሉ ነበር። ጎጃም፣ ትግራይና በጌምድር ግን በ1937ቱ አዋጅ ከዚህ ስፍር ወጡ፤ ከወረራው በፊት ይከፍሉ የነበረውን እንዲከፍሉ ተተወላቸው። ይህ የተገኘው በልመና ብቻ አልነበረም። ጎጃም የአምስቱን ዓመት አርበኝነት በጨረሰ ማግሥት በአዲሱ የመሬት ግብር ምክንያት እንደገና ጠመንጃ አንሥቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ መሬት ለመለካት በተሞከረ ቁጥር ነገሩ ወደ ግጭት አምርቷል። በ1960 የተነሣው ገበሬ እንግዲህ የአባቱን ክርክር ይዞ የተነሣ ነው።

ግብሩ የሚጣለው በግለሰብ ላይ አልነበረም። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ምሁር ደጋ ዳሞት ተቀምጠው ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በዝርዝር ያሳያል። መሬቱ የሚጠራው መጀመሪያ ባቀናው አባት ስም ነው። ከዚያ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ፣ በእናትም ይሁን በአባት፣ የርስት ጥያቄ አለው። አንድ ሰው የአያቶቹ፣ የቅድመ አያቶቹ ቍጥር በበዛ መጠን የሚጠይቅበት ርስት ይበዛል፤ ጠይቆ የሚያገኘው ግን ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ገበሬ ማሳዎች አንዱ ወንዝ ዳር፣ አንዱ ተረተሩ ላይ፣ አንዱ በሚስቱ ወገን በሌላ አጥቢያ ተበታትነው ይገኛሉ። ግብሩ በአቅኚው አባት መሬት ላይ ይወድቃል፤ ዘመዳሞቹ እርስ በርሳቸው ይካፈሉታል፤ ጭቃ ሹሙ ይሰበስባል። ዘመድ ከዘመድ «ያንተ ድርሻ በዛ፣ የኔ አነሰ» ብሎ መጨቃጨቁ አይቀርም። ጭቅጭቁ ግን የሚዳኘው ማሳውን በሚያውቁ ሽማግሌዎች ፊት ነው። ሐሰት የተናገረ ሰው ነገ በለቅሶና በማኅበር ከዚያው ሰው ጋር ይቀመጣል።

አዲሱ አዋጅ ይህን ሁሉ አልፎ «አንተ፣ እገሌ፣ በዓመት ምን ያህል ታገኛለህ?» ሲል ጠየቀ።

እስቲ አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችን እናስቀምጥ። ስም አንሰጠውም፤ ቍጥሮቹም ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ይህ ሰው ያለው በሬ አንድ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በፈረቃ ያርሳል። በራሱ ርስት ላይ ጤፍና ገብስ ይዘራል። ከዚያ ሌላ ባሏ የሞተባትን የአክስቱን ልጅ መሬት በእኩል ያርስላታል። ገማቹ በጥቅምት መጨረሻ ይመጣል፤ ሰብሉ ቆሞ ያማረበት ጊዜ ነው። በዓይኑ ያያል፤ «12 ዳውላ» ይላል፤ ይጻፋል። ከ12ቱ ውስጥ 4ቱ የበቀሉት በሴትዮዋ መሬት ላይ ነው፤ 2ቱ የእርሷ ናቸው። ገማቹ ወደ እርሷ ደጅ ሲደርስ እነዚያኑ 2 ዳውላዎች እንደገና በእርሷ ስም ይጽፋል። 1 ዳውላ ለዘር ይቀመጣል። ሕዳር ላይ በረዶ ቢወርድ ደግሞ፣ በዚህ ደጋ የምንኖር ሰዎች እንደምናውቀው፣ መዝገቡ ላይ የቆመው ጤፍ መሬት ላይ ተኝቷል። በመዝገቡ ግን 12 ዳውላ እንደ ቆመ ነው።

በዚህ ላይ ዳውላው ራሱ ምን ያህል ነው? ቁናና ዳውላ ከአገር አገር ይለያያሉ። በገንዘብ ይመንዘር ቢባልስ በየትኛው ወር ገበያ? ጤፍ በታኅሣሥ ሲወቃና በሐምሌ ጎተራ ሲራቆት የሚያወጣው ዋጋ ጨርሶ አይገናኝም። በደቦና በወንፈል የተሠራ ሥራ ወጪ ነው ወይስ ብድር? ለደቦው የተጠመቀው ጠላስ? የዛሬ የሒሳብ ባለሙያ እነዚህን ጥያቄዎች በቅጽ ይፈታቸዋል። በዚያ ዘመን የነበረው ቅጽ ግን የገማቹ ዓይን ብቻ ነበር። መዝገብ የማይዝ ሕዝብ ላይ የገቢ ግብር መጣል ማለት፣ በተግባር፣ የገማቹን አስተያየት የገበሬው ገቢ ነው ብሎ ማወጅ ማለት ነው። የእርሻ ገቢ ግብር ዋና ችግር ይህ ይመስለኛል፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ሳይቆሙበት አልፈውታል።

እንግዲህ የተጻፈው ቍጥር ስሕተት ነው እንበል። ገበሬው ወዴት ይሂድ? ወደ ወረዳ ገዥው፤ ከዚያ ወደ አውራጃው፤ ከዚያ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ። እነዚህ ሁሉ ግብሩ እንዲሰበሰብ ተጠያቂ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ወገን ነው። ከጠበቃ፣ ከራፖር ጸሐፊ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊ እስከ ቴምብር ያለው ወጪ ደግሞ ሊታረም ከሚችለው ግብር ይበልጣል። ጥቂት ብር ለማሳረም ሁለት ቀን በእግር ተጉዞ ከተማ የሚያድር ሰው የለም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ጥይት የሚያስተኩስ ነገር አይሆንም ነበር። ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። በርስት አገር የግብር መዝገብ የግብር መዝገብ ብቻ አይደለም። የዚህን መሬት ግብር የገበረ ማን ነው የሚለው ጥያቄ በርስት ሙግት ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ዛሬ በእገሌ ስም የተጻፈ ገቢ ነገ የእገሌ ርስት ነው። በዚያ መዝገብ ያልተጻፈው፣ ርቆ የሄደው ወንድም፣ በሌላ አጥቢያ ያገባችው እኅት፣ ገና ጥያቄውን ያላነሣው የልጅ ልጅ፣ ከዘሩ ሐረግ ሊቆረጥ ነው። በዚያ ላይ «ቀላድ» የሚለው ቃል ነበረ። ጎጃሜው በደቡብ በምኒልክ ዘመን መሬት በቀላድ ሲለካ ምን እንደ ደረሰ ሰምቷል፤ ብዙዎችም ወታደር ሆነው ሄደው በዓይናቸው አይተዋል። መሬት ተለክቶ ባለቤቱ ገባር ሲሆን አይተዋል። ስለዚህ መንግሥት «እኛ የምንገምተው ገቢን እንጂ መሬትን አይደለም» ሲል፣ ገበሬው የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው፤ መሬቱን ሳያይ ገቢውን እንዴት ሊያውቅ ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚያረካ መልስ አልተሰጠም። ሊሰጥም የሚችል አይመስለኝም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ፍርሃት «አሉባልታ» ይሉታል። የአካባቢ መኳንንት ያልተማረውን ገበሬ አሳስተውት ነው የሚለው የዘመኑ ባለ ሥልጣናት ትርጓሜ ነበር፤ ዛሬም በአንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። መኳንንቱ ጥቅማቸው እንደ ተነካ አልክድም። ነገር ግን አንድ ሰው ሊታለል የሚችለው ሊያምነው በሚችል ነገር ነው፤ ይህን ሥጋት የሚታመን ያደረገው ደግሞ የመንግሥት የራሱ ታሪክ ነው።

የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር ነገሩን አባባሰው። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ሸዌ ነበሩ፤ ጎጃምን ማስተዳደር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። በእርሳቸው ዘመን በልዩ ልዩ ስም የሚሰበሰብ መዋጮና የጦር መሣሪያ ምዝገባ ገበሬውን አስመርሮት ነበር። እዚህም ላይ ምዝገባ የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ጠመንጃው ከተመዘገበ በኋላ ገቢውም ሊመዘገብ ነው። ለዚህ አገር ገበሬ ሁለቱ ምዝገባዎች የአንድ ነገር ሁለት ምዕራፎች ሆነው ታዩት፤ መጀመሪያ መከላከያውን ጽፎ ማወቅ፣ ቀጥሎ ርስቱን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ፤ የውጊያው ታሪክ በሌላ ቦታ በሚገባ ተጽፏል። ገበሬው በመጀመሪያ ገማቾችን ከአጥቢያው አላስገባም አለ። በዚያው ጊዜ አቤቱታውን ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ የተላኩት ሽማግሌዎች ዐባይን ተሻግረው ለንጉሠ ነገሥቱ ደጅ ጠኑ። ይህን ቅደም ተከተል ተማሪዎች እንዲያስተውሉት እፈልጋለሁ፤ አቤቱታው ከአመፁ ጎን ለጎን ሄዷል እንጂ ጠመንጃው አቤቱታውን አልተካውም። በ1960 በሞጣ፣ በቢቸና፣ በዳሞትና በሌሎችም ቦታዎች ግጭቱ ሰፋ። መንግሥት በመጀመሪያ ሽማግሌና መርማሪ ላከ፤ ሳይሳካ ሲቀር ፖሊስና ጦር ሠራዊት አዘመተ፤ አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። የዳውላ ግምት የተሳሳተበት ሰው ቦምብ የወደቀበት ሰው ሆነ።

ስለዚህ አመፅ ከተጻፉት ሁሉ ጥልቁ የገብሩ ታረቀ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው የገበሬ አመፆች መጽሐፋቸው ውስጥ ከትግራይና ከባሌ ጋር አነጻጽረው አቅርበውታል። አመፁ ርስትንና አካባቢያዊ ነጻነትን ለመጠበቅ የተደረገ መከላከል እንጂ ሥርዓቱን ለመለወጥ የተነሣ አብዮት እንዳልነበረ ያስረዳሉ። በዚህ እስማማለሁ። የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ርስትን መጠበቅ የሚለው ሐሳብ ብቻውን ለምን ግጭቱ በገማቹ ላይ እንደ ጀመረ አያስረዳም። ጎጃሜው ስለ ርስቱ ዘወትር ይሠጋል፤ ዘወትር ግን አይሸፍትም። በ1960 ሥጋቱ መልክ አገኘ፤ ማሳው ላይ ቆሞ የሚጽፍ ሰው ሆነ።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ባሕርይ አይደለም። እንግሊዞች ለዘመናት የሚያስታውሱት የእ.ኤ.አ. 1381 የገበሬዎች አመፅ በነፍስ ወከፍ ግብር ምክንያት መነሣቱን ሁላችንም ተምረናል። ብዙ የማይነገረው ግን የተቀጣጠለበት ቅጽበት ነው። የ1381ዱ መዝገብ ከ1377ቱ ጋር ሲነጻጸር ከግብር ከፋዩ ሲሶ ያህሉ ከወረቀት ላይ ጠፍቶ ተገኘ። ሰው ስሙን ደብቆ ነበር። መንግሥት የጠፉትን ፈልገው መዝገቡን እንዲያርሙ መርማሪዎች ላከ፤ በኤሴክስ፣ ብሬንትውድ በምትባል ከተማ እነዚህ መርማሪዎች ሲደርሱ ነው አመፁ የፈነዳው። ግብሩ ከታወጀ ወራት አልፎት ነበር። እዚያም ሰው የተነሣው አዋጁ ሲነበብ ሳይሆን የሚቆጥረው ሰው ደጁ ሲደርስ ነው።

ወደ ጎጃም ልመለስ፤ የነገሩ ፍጻሜ ከአጀማመሩ ያላነሰ ትምህርት አለውና። ደጃዝማች ፀሐዩ ከጎጃም ተነሡ። አመፀኞቹ ምሕረት ተደረገላቸው። ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የቆየው ውዝፍ ግብር ተማረ። አዲሱ ግብርም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። ብዙ ሰው ይህን የገበሬው ድል አድርጎ ያየዋል፤ ድልነቱን አልቃወምም። ነገር ግን ምሕረት እና እርማት ሁለት ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ዕዳውን ማሩ፤ ዕዳው ስሕተት ነበር አላሉም። የሚማረው ያጠፋ ሰው ነው። በሕጉ ቋንቋ ገበሬው ገቢው በትክክል ተገምቶ፣ መክፈል የሚገባውን ሳይከፍል ቀርቶ፣ በንጉሡ ቸርነት የታለፈ ሰው ሆኖ ቀረ። 12 ዳውላ ተብሎ የተጻፈበት ሰው 9 ዳውላ ነበረ የሚል ወረቀት በእጁ አልገባም። አንድ መንግሥት ስሕተቱን የሚያርምበት ሥርዓት ሳይኖረው ምሕረት የማድረግ ሥልጣን ብቻ ሲኖረው፣ የተበደለውም ሰው አቤት ማለት የሚችለው እንደ ጥፋተኛ ብቻ ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲደረግ ርስት በሕግ አበቃ። በዓመቱ፣ በ1968፣ ደርግ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ማለትም የ1960ው ሐሳብ በ8 ዓመት ውስጥ በሌላ መንግሥት ተመልሶ መጣ፤ የሚከፈለውም በገበሬ ማኅበር በኩል ሆነ። የሚፈራው ርስት ግን አሁን በሕግ የለም።

ለዚህ ለዛሬው ትውልድ ግን የሚቀርበው ምሳሌ የከተማ ነው። በሐምሌ 2009፣ ከ1960 በ49 ዓመት ርቀት፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ትናንሽ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ። ምክንያቱ «የቀን ገቢ ግምት» ነበር። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ «ደረጃ ሐ» ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ቁርጥ ግብር ይከፍሉ ነበር። ቁርጡ የሚወሰነው ደግሞ ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው በሚጽፉት የቀን ሽያጭ ነበር። ገማቹ ቅዳሜ ገበያ ቀን ቢመጣ የሳምንቱ ሁሉ ቀን ቅዳሜ ይሆናል። ነጋዴው የተናገረውን ትርፍ ሽያጭ ነው ብሎ፣ ሽያጩንም ትርፍ ነው ብሎ የተረዳ ገማችም ነበር፤ ነጋዴዎቹ ደጋግመው ካነሡት ቅሬታ አንዱ ይህ ነው። የጤፉ ማሳ በሸቀጥ መደርደሪያ ተተካ እንጂ የሚቆጥረው ዓይን ያው ነው።

ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም፤ ትልቅ ልዩነት አለ። የ2008ቱ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የ1960 ገበሬ ያላገኘውን መንገድ በግልጽ አስቀምጧል። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ የደረሰው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ያቀርባል፤ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። የዚህን የሥርዓት መኖር ማቃለል ለታሪክ ተማሪ አይገባም፤ በጎጃም የፈሰሰው ደም የፈሰሰው በዚህ ሥርዓት ዕጦት ጭምር ነው። ነገር ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ ሁለት ድንጋጌዎች አሉ። ይግባኝ ባዩ ክርክር ካስነሣው ግብር 50 በመቶውን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። ውሳኔው ትክክል አለመሆኑን የማስረዳት ሸክምም የግብር ከፋዩ ነው። መዝገብ እንዳይዝ የተፈቀደለት ሰው በመዝገብ እንዲያስረዳ ይጠየቃል ማለት ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ለዚህ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ በሌሎች አገሮችም አለ ይሉኛል። እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ገንዘቡ የሌለው ሰው ስሕተቱን በምን ያሳርማል የሚለውን ነው።

ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልስጥና ላብቃ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የገጠር ልጆች ናችሁ። በቤታችሁ፣ በቆዳ ከረጢት ወይም በቆርቆሮ ሳጥን፣ ተጠቅልለው የተቀመጡ የግብር ደረሰኞች አሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የአያቷን ይዛልኝ መጣች፤ አያቷ እስኪሞቱ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር አለች። ወረቀቶቹን ስታገኙ መጀመሪያ የምታዩት የብሩን መጠን እንዳይሆን። በማን ስም እንደ ተጻፈ እዩ። የአቅኚው አባት ስም ነው ወይስ የከፋዩ? ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ተለወጠ? ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ቀስ ብላችሁ፣ በአክብሮት፣ ቡና ተፈልቶ። «ስንት ከፈላችሁ?» አትበሉ። «ማን ቆጠረው?» በሏቸው።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይ የሒሳብና የሕግ ክፍል ባልደረቦቼ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።